ከእርሾ ወደ አንጎል ልሻገር?

ጤና ይስጥልኝ። የ33 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ግንቦት በሞለኪዩላር ባዮሎጂ ፒኤችዲዬን ጨረስኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ የእርሾ ጂኖችን ሳጠና ነበር። አሁን ትውስታ በአይጥ አንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚያጠና ላብራቶሪ (ላብ) ለፖስትዶክ፣ ማለትም ከፒኤችዲ በኋላ ለሚሠራ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ፣ ጠርቶኛል። አያቴ በመጨረሻ ስሜን ረስታው ነበር፤ ጥያቄው ከዚያ ወዲህ ከውስጤ አልወጣም። ግን ፈራሁ። ስለ አንጎል የማውቀው ክፍል ውስጥ የተማርኩትን ብቻ ነው። አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ደግሞ እጥፍ የሚጠጋ ደሞዝ ይሰጠኛል። ደሴ ያለችው እናቴ በደወልኩ ቁጥር «ልጄ፣ ይሄ ትምህርት መቼ ነው የሚያልቀው?» ትለኛለች። ነርሷ ታናሽ እህቴ ቤት ገዝታለች። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦

እህቴ፣ ከዜሮ አትጀምሪም። ኤሪክ ካንደል የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበር። ትውስታን ለማጥናት የመረጠው ግን አፕሊዥያ የሚባል የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ ያሉት የነርቭ ሴሎች 20,000 ገደማ ብቻ ናቸው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2000 ኖቤል አሸለመው። ለአጭር ጊዜ የሚቆይ ትውስታ በሴሎቹ መካከል የነበረውን ግንኙነት ይለውጣል። ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ግን ጂኖች ሥራ ካልጀመሩና አዲስ ፕሮቲን ካልተሠራ አይጸናም። ጂን መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደሚቆም ደግሞ አንቺ ስድስት ዓመት የለፋሽበት ነው። ላቡም የፈለገሽ ለዚሁ ይመስለኛል። የአይጥ አያያዙን፣ የነርቭ ሴልን ኤሌክትሪክ መለካቱን እዚያው ትለምጃለሽ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከመፈረምሽ በፊት ከዚያ ላብ የወጡ ፖስትዶኮችን ደውለሽ አናግሪ። ስንት ዓመት ቆዩ? አሁን የት ናቸው? ሲወጡ ፕሮጀክታቸውን ይዘው መሄድ ተፈቀደላቸው? የላቡን ኃላፊም ይህንኑ ፊት ለፊት ጠይቂ። መልሱ ከተድበሰበሰ ኩባንያውን ምረጪ፤ እዚያም ሳይንስ አለ። ከገባሽ ግን ጊዜ አታባክኚ። ኬ99 የሚባለው የኤንአይኤች (የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት) የምርምር ገንዘብ ድጋፍ ዜግነትም ግሪን ካርድም አይጠይቅም፤ ፖስትዶክ ከጀመርሽ ብዙ ዓመት ካለፈ ግን ያመልጥሻል።

ደሞዙ ያንሳል፤ እውነት ነው። ቤቱም ይዘገያል። የእህትሽ መንገድ ግን የሷ ነው፣ አታወዳድሪው።

ለእናትሽ «ፖስትዶክ» አትበያት። «ትምህርቱ አልቋል እማዬ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ደሞዝ ይከፈለኛል። የማጠናው ሰው ለምን እንደሚረሳ ነው» በያት። አያትሽን ታስታውሳለች።