ኤም.ኤስ. ያለበት ሰው ስፖርት ቢሠራ ይጎዳዋል? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የነርቭ ሕሙማንን የምረዳ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤም.ኤስ.፣ ያለባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ስለ አካል እንቅስቃሴ የሚያሳስባቸውን ሁሉ እንዲጠይቁኝ ጋብዤ ነበር። መድኃኒት ስለ መቀየር ወይም ስለ ማቆም የጠየቃችሁኝን ከነርቭ ሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት። የቀረውን እነሆ።

ጥያቄ፦ እኅቴ ኤም.ኤስ. እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ እናታችን ውሃ እንኳ ራሷ እንድትቀዳ አትፈቅድላትም። «ድካም ያብስባታል» ትላለች። እውነት ነው?

አይደለም። እናታችሁን ግን አትውቀሷት፤ ሐኪሞችም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሕሙማኑን «አትልፉ፣ ጉልበታችሁን ቆጥቡ» ሲሉ ኖረዋል። ቪልሄልም ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በ1890 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ሕሙማን ከልፋት በኋላ ዓይናቸው ለጊዜው እንደሚደበዝዝ ጽፎ ነበር። ምክንያቱ የሰውነት ሙቀት መጨመር እንደሆነና ሰውነት ሲቀዘቅዝ ዓይን ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ኋላ ላይ ታወቀ፤ ፍርሃቱ ግን ሳይለቅ ቆየ።

በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤም.ኤስ. ያለባቸውን ሰዎች ለ15 ሳምንታት፣ በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ 40 ደቂቃ አሠሯቸው። የልባቸውና የሳንባቸው አቅም ጨመረ፣ ጡንቻቸውም ጠነከረ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩም ስፖርት ሕመሙን እንደሚቀሰቅስ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም።

ኤም.ኤስ. የሚመጣው የሰውነት መከላከያ በአንጎልና በሕብለ ሠረሠር ያሉ ነርቮችን የሚሸፍነውን ማይሊን ሲያጠቃ ነው። እንቅስቃሴ የተጎዳውን ነርቭ ያድናል ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም። ነገር ግን በዚያ ላይ የሚደረብ ሌላ ጉዳት አለ፤ ከመተኛት የሚመጣው። ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ መገጣጠሚያ ይደርቃል። ይህኛው ይመለሳል፤ ሲመለስም አይቻለሁ። እኅትሽ ውሃዋን ራሷ ትቅዳ።

ጥያቄ፦ ከየት ልጀምር? ጂም የመሄድ አቅም የለኝም።

ከወንበር ይጀምሩ። የማይንሸራተት፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ከግድግዳ ጋር አስጠግተው ጫፉ ላይ ይቀመጡ። ተረከዝዎን ከጉልበትዎ ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፣ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ለመነሣት ይታገላሉ። አፍንጫዎ ከእግር ጣቶችዎ በላይ እስኪሆን ድረስ ወደ ፊት ያዘንብሉ፣ ከዚያ ይነሡ። ሲቀመጡ ዝግ ብለው ይቀመጡ እንጂ አይውደቁ፤ ጡንቻው እየተቆጣጠሩ በመውረድም ይጠነክራል። 5 ጊዜ ሠርተው ይረፉ፣ ከቻሉ ይድገሙት። እጅዎን ሳይደገፉ ሲቀልልዎ ዝቅ ወዳለ መቀመጫ ይለፉ። ሽንት ቤት ደርሶ ለመምጣትና ታክሲ ውስጥ ለመግባት የሚፈልጉት ጉልበት ይኸው ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ በካናዳ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ ቀላልና መካከለኛ ጉዳት ላለባቸው አዋቂዎች በሳምንት 2 ቀን የ30 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ (ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ብስክሌት) እና 2 ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ይመክራል። መካከለኛ ማለት እየሠሩ ማውራት የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የማይችሉበት ነው። ይህ መድረሻ እንጂ መነሻ አይደለም። በ5 ደቂቃ የሚጀምር ሰው አለ፤ ደግ አድርጓል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ትንሽ ስንቀሳቀስ እግሬ ይከዳኛል፣ ዓይኔም ይጋረዳል። ላቁም?

አታቁሚ፣ ቀዝቅዢ። ኡትሆፍ ያየው ይህንኑ ነው። ማይሊኑ የሳሳ ነርቭ የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ ሲጨምር መልእክት ማስተላለፍ ሊያቅተው ይችላል፤ አዲስ ጉዳት ደረሰ ማለት ግን አይደለም። አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል፣ በማለዳ ሥሪ። ከመጀመርሽ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ፣ በመሀሉም ቀዝቃዛ ውሃ ተጎንጪ። 10 ደቂቃ ሠርተሽ 5 ደቂቃ ማረፍ ይበጃል። ስትቀዘቅዢ ምልክቱ ካልጠፋ ለሐኪምሽ ንገሪ።

ጥያቄ፦ ፍልውሃ መታጠብ ለእግሬ መገተር ይረዳኛል ብለውኛል።

ሙቀት የሚያስቸግርዎ ከሆነ አይግቡ፤ ገብተው መውጣት ሊያቅትዎ ይችላል። ዘመናዊ የአንጎል ምስል ማንሻ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች ይህን ሕመም ለመለየት ሰውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር፤ ሙቀቱ ድክመቱን ያወጣዋልና። ለሚገተር እግር በየቀኑ ማሳሳብ ይሻላል፦ ከግድግዳ ፊት ቆመው አንዱን እግር ወደ ኋላ ያድርጉ፣ ተረከዙን መሬት ላይ ተክለው ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይቆዩ። አይንጠሩ፤ መንጠር መገተሩን ይቀሰቅሰዋል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ከአልጋ ስነሣ ጀምሮ ደክሞኝ ነው። ምኑን ልሥራው?

የኤም.ኤስ. ድካም ስንፍና አይደለም፣ እንቅልፍም ብቻውን አይፈታውም፤ ይህን የማያምንልዎ ሰው ቢኖር ስህተቱ የእሱ ነው። ቀኑን ይከፋፍሉት። ከበድ ያለውን ሥራና እንቅስቃሴውን በአንድ ሰዓት አይደራርቡ። በማግስቱ አልጋ ላይ የሚያውል ከሆነ መጠኑ በዝቷል፤ ይቀንሱት እንጂ አይተዉት። በደንብ የተመጠነ እንቅስቃሴ ከጊዜ በኋላ ድካሙን ራሱን ያቀልላል።

ጥያቄ፦ ሽንቴን ስለማልቆጣጠር ስፖርት በምሠራበት ቀን ውሃ አልጠጣም።

እባክሽ ጠጪ። የወፈረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣል፣ የኢንፌክሽንና የሆድ ድርቀት አደጋም ይጨምራል። ከመጀመርሽ በፊት ሽንት ቤት ሂጂ። ሽንት ለመያዝ የምትጠቀሚበትን ጡንቻ 5 ሰከንድ ጨብጠሽ መልቀቅን በየቀኑ ተለማመጂ። ስለዚህ ጉዳይ ለመጠየቅ የሚያፍሩ ብዙዎች ናቸው፤ ስለጠየቅሽ አመሰግንሻለሁ።

ጥያቄ፦ በጾም?

ከበሉና ከጠጡ በኋላ ይሥሩ። መድኃኒትዎ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል።

ጥያቄ፦ አባቴ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሰው። ለእሱ የሚሆን አለ?

አለ፣ እንዲያውም ለእሳቸው ይበልጥ ያስፈልጋል። ውሃ የተሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ በእጃቸው ያንሡ፣ ተቀምጠው ወገባቸውን ያዙሩ፣ በጥልቀት ይተንፍሱ። ከወንበር ወደ አልጋ ሲዘዋወሩ የሚችሉትን ያህል እጃቸው ይሥራ፤ ሙሉ በሙሉ አትሸከሟቸው። ቆዳቸው እንዳይቆስል ቶሎ ቶሎ ክብደታቸውን ያዛውሩ።

ጥያቄ፦ ሕመሙ ሲያገረሽስ?

አዲስ ምልክት መጥቶ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ትኩሳትም ከሌለ፣ ስፖርቱን አቁመው ሐኪም ጋ ይሂዱ። ትኩሳት ካለም ይታከሙ፤ ኢንፌክሽን የድሮውን ምልክት ሊቀሰቅስ ይችላል። ሁኔታው ሲረጋጋ ከነበሩበት ሳይሆን ዝቅ ካለ መጠን ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ለውጡን በስንት ጊዜ አየዋለሁ?

ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይስጡት። ዛሬ ከዚያው ወንበር 5 ጊዜ ተነሥተው ለመቀመጥ ስንት ሰከንድ እንደፈጀብዎ በሞባይልዎ ለክተው ከነቀኑ ይጻፉ። በየ4 ሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ጫማ ይድገሙት፤ ወረቀቱንም ሐኪምዎ ጋ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ።