ባክአፑ ለምን ግማሽ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ኮምቦልቻ የመለዋወጫ ሱቅ አለን፣ ስቶክና ሽያጩ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ነው፣ ሰርቨሩ ደሴ ያለ የዘመዳችን ቢሮ ነው አብረን ነው የምንጠቀምበት። የባክአፕ ስክሪፕቱንም ከነሱ ኮፒ አድርጌ ሌሊት 8 ሰዓት እንዲነሳ ክሮን (ሰርቨሩ ላይ ስራ በሰዓቱ የሚያስነሳው) ላይ አስገባሁት። አንዳንድ ቀን ግን ፋይሉ ግማሽ ሆኖ አገኘዋለሁ፣ ይባስ ብሎ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሲስተሙ ቀጥ ይልና ካሸሯ ደረሰኝ መቁረጥ ያቅታታል። ራም ጨምር እያሉኝ ነው፣ ልግዛ?

መልስ፦ አብሽር፣ ብርህን ያዝ። ያስነቃኝ ረፋድ 5 ሰዓት ያልከው ነው። ክሮን የኛን ሰዓት አቆጣጠር አያውቅም፣ 8 ብለህ ከፃፍክለት በፈረንጅ 8 ነው የሚገባው፣ ሰርቨሩ ደግሞ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ከሆነ እኛ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም በፈረንጅ 11 ይሆናል፣ እሱ በኛ ስንት ነው? ረፋድ 5። ገበያ በሞቀበት ሰዓት ነው ባክአፕ የምትወስደው ወንድሜ! ዴት የሚለውን ኮማንድ ፃፍና አረጋግጥ፣ ዩቲሲ ካለህ ሌሊት 8 የሚሆንልህ 23 ስትል ነው። በሳምንት አንዴ የሚሰራ ካለህ ቀኑንም አንድ ወደኋላ መልሰው። የሰርቨሩን ሰዓት ልቀይረው እንዳትል ብቻ፣ የነሱ ስራ ሁሉ ይዛባል።

ግማሽ የሚሆነው ከኮፒው ይመስለኛል። ስክሪፕቱ መጀመሪያ የሚፅፍበት ጊዜያዊ ፋይል ስሙ አንድ ከሆነ እነሱም በዛው ሰዓት ሲነሱ አንዱ የአንዱን ይደመስሳል። ክሮንታብ (የክሮን ስራዎች ዝርዝር) ላይ የምታየው የራስህን ብቻ ስለሆነ ደሴ ውጣና ቡና እየጠጣችሁ ሩት (root) የሚባለውን የዋናውን አድሚን አካውንትም የነሱንም ዝርዝር አብራችሁ እዩ። ፋይሉን በዳታቤዙ ስምና በቀን ሰይመው (ቀኑን ክሮን ውስጥ ከፃፍከው ከፐርሰንት ምልክቱ በፊት ባክስላሽ አድርግ፣ እኔ አንዴ በሱ ምክንያት ሳምንት ሙሉ ባክአፕ ሳይኖረኝ ከርሜያለሁ)። ከዛ ሁለቱንም ስክሪፕት ፍሎክ በሚባለው ኮማንድ በአንድ የሎክ ፋይል አስራቸው፣ የቀደመው እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል።

ካሸሯን የሚያስቆመው ማይኤስኪውኤል ደምፕ (ባክአፑን የሚወስደው ኮማንድ) ቴብሎቹን ስለሚቆልፍ ነው። የቴብሎችህ ዓይነት ኢኖዲቢ ከሆነ ሲንግል ትራንዛክሽን የሚለውን ኦፕሽን ጨምርበት፣ ማይአይሳም የሚባለው ዓይነት ከሆኑ ግን አይረዳህም፣ ሌሊቱን ጠብቅ።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ የፋይሉን የመጨረሻ መስመር እይ፣ ደምፕ ኮምፕሊትድ ካላለ ሙሉ አይደለም፣ ዲስክም ሞልቶ ሊሆን ይችላል።