«አምባ» ተራራ ነው ወይስ ምሽግ?

ጥያቄ፦ ስለ መቅደላ፣ ስለ ግሸንና ስለ አምባላጌ ሳነብ «አምባ» አንዴ ተራራን፣ አንዴ ምሽግን ሲያመለክት አገኘዋለሁ። «የሕፃናት አምባ» ሲባልም ሰምቻለሁ። ትክክለኛው ፍቺ የትኛው ነው? ቃሉስ ከምን ተነሣ?

መልስ፦ ተራራም፣ ምሽግም፣ መንደርም፣ ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ሥሩ ግን ተራራው ነው። አምባ ማለት በመጀመሪያ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ነው፤ ጠንካራው የድንጋይ ንጣፍ ላዩን እንደ ክዳን ሲጠብቀው፣ ጎንና ጎኑን ጎርፍና ወንዝ ሸርሽረውት ብቻውን ቆሞ የቀረ። በትግርኛ «እምባ» ተራራ ማለት ሲሆን፣ በኤርትራ ከሁሉ ከፍ የሚለው ተራራ እምባ ሶይራ ይባላል።

ምሽግነቱ ከዚሁ ቅርጽ የመጣ ነው። መውጫው ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ዘበኞች ብዙ ጦር ይመልሱበታል፤ ሜዳው ሰፊ ሲሆን ደግሞ ታርሶ ይበላበታል። ነገሥታቱ አምባን ጠላትን ለማጥቂያ ሳይሆን ሰውና ንብረት ለማስቀመጫ መምረጣቸው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በግሸን የዙፋን ሽኩቻ እንዳያነሡ የተፈሩ የነገሥታት ልጆች ይጠበቁ ነበር፤ በጎንደር ዘመን ይኸው ተግባር ወደ ወህኒ አምባ ተዛወረ፤ «ወህኒ» የሚለው ስምም እስከ ዛሬ ከእስር ቤት ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ዐፄ ቴዎድሮስም መቅደላን ግምጃ ቤት፣ እስር ቤትና መጠጊያ አድርገውት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያው ሕይወታቸው አለፈ።

«ምሽግ» ግን «መሸገ» ከሚለው ግስ የተገኘ በመሆኑ ተቆፍሮ ወይም ተክቦ የሰው እጅ የገባበት ነው። ስለዚህ «የተመሸገ አምባ» ብሎ መጻፍ ድግግሞሽ አይደለም፤ ተፈጥሮ በጀመረችው ላይ ሰው በርና ካብ ጨምሮበታል ማለት ነው።

ሰው ለደኅንነቱ ከፍታ ላይ እየሰፈረ ሲኖር ቃሉ መንደርንም መጥራት ጀመረ። በደርግ ዘመን በጦርነት ለሞቱ ወታደሮች ልጆች የተቋቋመው የሕፃናት አምባ ከዚህ ፍቺ የተወሰደ ነው። የተሠራበት የስምጥ ሸለቆው አላጌ፣ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. ጦርነት ከተደረገበት የትግራዩ አምባላጌ ጋር ስም እንጂ ሌላ ዝምድና የለውም።

የግእዙ «ደብር»ም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል፤ ተራራ ከማለት ተነሥቶ ገዳምና ቤተ ክርስቲያን ማለት ሆነ። በገመድ ካልሆነ የማይወጣበት ደብረ ዳሞ በቅርጹ ፍጹም አምባ ሆኖ ሳለ፣ በስሙ ግን ደብር ነው።