ስለ ስቴም ሴሉ፦ ቦታውን አትሽጡ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ወንድምሽ 27 ዓመቱ ነው፤ ባጃጅ ተገልብጦበት ስድስት ወር ሆነው። ከእምብርቱ በታች አይሰማውም፣ አያንቀሳቅስም። አንድ ደላላ «ውጭ ሀገር ወስደን ስቴም ሴል እናስወጋዋለን፣ ይራመዳል» ብሏችኋል። ስቴም ሴል ማለት ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ማደግ የሚችል ጥሬ ሴል ነው። አባታችሁ አቶቴ ሰፈር ያላቸውን ቦታ ሊሸጡ ነው። አንቺ ደግሞ «ስቴም ሴል ዕጢ ያመጣል የሚሉት እውነት ነው ወይስ ወሬ?» ብለሽ ጠየቅሽ።

አጭሩን ላስቀድም። ወሬ አይደለም። ቦታውንም አትሽጡ። ረጅሙን ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ታናሽ ወንድሜ በ2008 ዓ.ም. እዚሁ ሀዋሳ እንደ ወንድምሽ ባጃጅ ተገልብጦበት ነው ጀርባው የተሰበረው። ያነሱት ሰዎች ለደግ ብለው እጅና እግሩን ይዘው፣ አጥፈው ሌላ ባጃጅ ውስጥ ከተቱት። የተሰበረ ጀርባ እንደ ግንድ ቀጥ ተደርጎ፣ ጣውላ ላይ ተጋድሞ እንደሚነሳ ያን ቀን ማናችንም አናውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬ ካቴተር ከሚባለው የሽንት ቱቦና ከዊልቸር ጎማ ጋር ነው ያለፈው። እንቅልፍ ሲጠፋ ደግሞ ስለ ነርቭ አነባለሁ።

መጀመሪያ ከጥያቄሽ ሥር አስተያየት ለጻፉት ልመልስ። «የጎረቤቴ እናት ሁለት እግራቸው ሞቶ ነበር፣ ኦፕራሲዮን ሆነው በእግራቸው ተመለሱ፣ እሱም ይሁን» ያልከው ወንድሜ፣ ክፉ አላሰብክም። እኛንም ያሳበደን ይኸው ነበር። ሪፈር ተጽፎልን አዲስ አበባ ስንገባ ከወንድሜ አልጋ ጎን አንዲት እናት ተኝተው ነበር። የሳቸውም እግር አይንቀሳቀስም። ቀዶ ጥገና ተደረገላቸውና በሦስተኛው ሳምንት ጣታቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ከወራት በኋላ ስንደውል በከዘራ ቤተክርስቲያን እየሄዱ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «የኔን ልጅ ችላ ብለውት ነው» ብላ አለቀሰች።

ችላ ብለውት አልነበረም። የሴትዮዋ ህብለ ሰረሰር፣ አከርካሪ ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ በዕጢ ተጭኖ ነው። ካንሰር ያልሆነ፣ ከገመዱ ሽፋን የበቀለ፣ ቀስ እያለ ያደገ ዕጢ። የግቢ ማጠጫ ጎማ ላይ ብትቆሚበት ውሃው ይቀራል፤ እግርሽን ብታነሺ ይፈሳል። ጎማው ላይ መጥረቢያ ካረፈበት ግን መጥረቢያውን ማንሳት ምን ዋጋ አለው? የወንድሜ ገመድ በተሰበረ አጥንት ተጨፍልቆ ነበር። ሐኪሞቹ ብረት ያስገቡለት አጥንቱ እንዲጸና ነው። ብረት ነርቭ አይቀጥልም።

የተጫነ ነገርም ቢሆን ዝም ብሎ አይጠብቅም። እኚያ እናት ሰባት ወር «ብርድ ነው» ሲባሉ፣ ሲታሹ፣ የቫይታሚን መርፌ ሲወጉ ነው የከረሙት። ወጌሻ እወዳለሁ፣ ለውልቃት። ግን ሌሊት የሚብስ የጀርባ ሕመም ኖሮ፣ እግር እየከበደ ሄዶ፣ ሽንት እምቢ ካለ ያ የወጌሻ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው። ከጡት ወይም ከፕሮስቴት ተነስቶ አከርካሪ ላይ የሚያርፍ ካንሰር እንኳ በጊዜ ከተደረሰበት እግር ያተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የታተመ፣ 101 ታማሚዎችን የያዘ ጥናት አለ። ቀዶ ጥገናና ጨረር አብሮ ካገኙት 84 በመቶው መራመድ ችለዋል፤ ጨረር ብቻ ካገኙት 57 በመቶው። የአከርካሪ ቲቢም አለ። እንደ ዕጢ ይጫናል፤ በመድኃኒት ይድናል። ስለዚህ እግር ሞተ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ነክቶት?» ነው።

«ዴክሳ ይወጋ» ላለው ደግሞ። ዴክሳሜታዞን የጭንቅላት ዕጢ ያለበትን ሰው አንዳንዴ በአንድ ቀን ከአልጋ ያነሳል። ዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ስለሚያጎድል ነው። «ታዲያ አደጋም ያሳብጣል፣ ለምን አይሠራም?» ያስብላል። ሐኪሞቹም ለዓመታት እንደዚያ አስበው ነበር። በኋላ የዚያው ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት፣ ሜቲልፕሬድኒሶሎን፣ ጭንቅላታቸው በተጎዳ ከ10,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሞከረ። ውጤቱ በ2004 ሲወጣ ጉድ ተባለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት ከመቶ 21 ሞተዋል፤ ካላገኙት 18። ሙከራው ሳያልቅ ተቋረጠ። ለአከርካሪ ጉዳትም ቢሆን ስድስት ወር ካለፈ በኋላ የዴክሳ መርፌ ስኳር ከመጨመርና ቁስል እንዳይድን ከማድረግ በቀር ፋይዳ የለውም። ይቅርባችሁ።

አሁን ወደ ስቴም ሴሉ።

እጅ ላይ የተቆረጠ ነርቭ በደንብ ከተሰፋ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል እያደገ ይመለሳል። የህብለ ሰረሰር ነርቭ ግን አያድግም። ለምን? በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞንትሪያል ውስጥ አልበርት አጉዋዮ የሚባል ተመራማሪ ከአይጥ እግር ነርቭ ቆርጦ ህብለ ሰረሰሩ ላይ ተከለው። የማያድግ የተባለው የገመዱ ነርቭ በዚያ ቁራጭ ውስጥ እየዳኸ አደገ። ችግሩ ነርቩ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ሰፈሩ ነው። ሰፈሩ «እደግ» አይልም፤ ጭራሽ «ቁም» የሚል ኬሚካል አለው። ይህንን ቁም ባይ ማጥፋት፣ ወይም እደግ ባይ ማስገባት ነው የዚህ ምርምር ትልቁ ሩጫ፤ ስቴም ሴልም የሚሞከረው እንዲያድግ ወይም እንዲያሳድግ ነው።

«እደግ» የሚለው ግን ሁለት ስለት ያለው ቢላ ነው። ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ የምትባል ጣሊያናዊት ነበረች። አይሁዳዊት ናት ተብላ ከዩኒቨርሲቲ ከተባረረች በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መኝታ ቤቷን ላቦራቶሪ አድርጋ በዶሮ እንቁላል ላይ ትመራመር ነበር። ኋላ አሜሪካ ሄዳ የአይጥ ዕጢ ከጫጩት ሽል ጋር ስታገናኝ የጫጩቱ ነርቮች ወደ ዕጢው እንደ ጉድ በቀሉ። ነርቭ የሚያሳድገው ንጥረ ነገር የተገኘው በዚህ ነው፤ ከዕጢ ውስጥ። በ1986 ኖቤል ተሸለመችበት። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ «ያሳድጋል» ብቻ የሚለኝን ሰው አላምንም። ምኑን ነው የሚያሳድገው? የት ያቆማል?

አላቆም ያለበት ጊዜ አለ። ከባድ የነርቭ በሽታ በዘር የያዘው አንድ እስራኤላዊ ልጅ ነበር። ቤተሰቦቹ ሞስኮ ወስደው ከጽንስ አእምሮ የተገኘ ሴል ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ሦስት ጊዜ አስወጉት። ከመጀመሪያው መርፌ አራት ዓመት በኋላ ጭንቅላቱና ህብለ ሰረሰሩ ላይ ዕጢ ተገኘ። ሲመረመር የራሱ ሥጋ አይደለም፤ የለጋሾቹ ሴል ነው። ይህ በ2009 ታትሟል። ሌላዋ በአደጋ ሽባ የሆነች ወጣት ናት። ፖርቱጋል ውስጥ ከአፍንጫዋ የተወሰደ ሴል ጀርባዋ ላይ ተተከለላት። ከስምንት ዓመት በኋላ ሕመም ጀመራት። ሲከፈት እንደ አፍንጫ ንፍጥ የሚያመርት እባጭ ገመዱን ተጭኖት ነበር፤ በ2014 ታትሟል። እግሯም አልተመለሰም። ይታይሽ እህቴ፣ ለተጎዳ ገመድ መድኃኒት ፍለጋ ሄዳ የኚያን እናት በሽታ ይዛ መጣች።

ሁሉም የተወጋ ዕጢ ያበቅላል ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ ምንም አይሆኑም፤ አይድኑም፣ አይባሱም፣ ገንዘቡ ግን ይሄዳል።

እኛ ጋ ደላላው የመጣው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሽክ ያለ ልጅ፣ ስልኩ ቪዲዮ በቪዲዮ። እናቴ ያላትን ወርቅ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ነበር። ያዳነን አንድ ወጣት ሐኪም ነው። «ደውዪና ሦስት ነገር ጠይቂው» አላት። ሙከራው የት ነው የተመዘገበው? በትክክለኛ ሙከራ ታማሚው ለሚሞከርበት ሕክምና አይከፍልም፣ እናንተ ለምን ታስከፍላላችሁ? ከአምስት ዓመት በኋላ ጀርባው ቢያብጥ ማን ነው የሚያየው? ልጁ ሁለተኛው ላይ «ኔትወርክ ተቆራረጠብኝ» አለ። እስካሁን እንደተቆራረጠ ነው።

ቪዲዮዎቹንም ተጠንቀቂ። ጉዳት ሙሉ እና ከፊል የሚባል አለው። ሐኪማችሁን «ኮምፕሊት ነው ኢንኮምፕሊት?» ብለሽ ጠይቂ። ይህንን የሚለዩት በኤምአርአይ ብቻ ሳይሆን ሰውየውን በመርፌ ጫፍና በጥጥ እየነኩ፣ መቀመጫው ድረስ ስሜት መኖሩን በማየት ነው። ከፊል የሆነ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በፊዚዮቴራፒ ብቻ ብዙ ሊሻሻል ይችላል። ያንን ሰው መሃል ላይ መርፌ ወግተሽ ቪዲዮ ብትቀርጪው ተአምር ይመስላል።

ተስፋ የለም እያልኩሽ አይደለም። በ2023 የወጣ ጥናት አለ፤ በብስክሌት አደጋ የተጎዳ ሰው ስዊዘርላንድ ውስጥ ጭንቅላቱና ጀርባው ላይ መሣሪያ ተተክሎለት፣ ሊራመድ ሲያስብ ሐሳቡ ወደ ገመዱ እየተላለፈለት በክራንች ሄዷል። እውነተኛ ሥራ ነው። ግን የሱ ጉዳት ከፊል ነበር፤ መሣሪያውም ገበያ ላይ የለም። ወንድምሽ ወጣት ነው። ያ ነገር እሱ ጋ ሲደርስ ገላው ሳይቆስል፣ ኩላሊቱ ሳይበላሽ፣ ጉልበቱ ሳይደርቅ መገኘት አለበት።

ገንዘባችሁ መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ድሮ እንዲህ የተጎዳ ሰው ብዙም አይቆይም ነበር። ይገድለው የነበረው የጀርባው ስብራት ሳይሆን የአልጋ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነበር። በ1944 እንግሊዝ ውስጥ ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ሐኪም በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ታማሚዎቹን ማገላበጥ ጀመረ። ሰዎቹ መኖር ጀመሩ። ከአራት ዓመት በኋላ 16 ሰዎችን በዊልቸር ቀስት አወዳደረ፤ ፓራሊምፒክ ከዚያ ነው የመጣው። መገላበጥ እንግዲህ ብር አያስወጣም፣ እንቅልፍ ነው የሚያስወጣው። ተራ ግቡ። እናታችሁ ላይ ብቻ አትጣሉት።

ሽንቱን በቋሚ ካቴተር ነው የሚያስወጣው? ከሆነ በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ እያስገባ የሚያወጣውን ዓይነት ራሱ እንዲማር ነርሷን ለምኚ። እኛ ይህን ያወቅነው ሁለት ዓመት በኢንፌክሽን ከተመላለስን በኋላ ነው። ማታ ማታ በመስታወት መቀመጫውንና ተረከዙን ይይ። የቀላ ቦታ ካለ እስኪለቅ አይቀመጥበት።

እሳት ደግሞ። ይህን ማንም አልነገረንም ነበር። አንድ እሑድ ቤት ቡና ተፈልቶ ወንድሜ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ ሲስቅ ሲጫወት፣ የሆነ ነገር ሸተተን። ዕጣን መስሎን ነበር። የከሰሉ ምድጃ እግሩን ነክቶት ኖሯል። እሱ አልተሰማውም፣ እየሳቀ ነበር። አራት ወር ፈጀብን ያ ቁስል። የሞቀ ውሃም እንደዚያው ነው፤ በክርን ሳትለኩት እግሩን አትንከሩት።

ወንድሜ አሁን ወደ አሞራ ገደል በሚወስደው መንገድ ሞባይል ይጠግናል። ሊፍት የሌለው ፎቅ ባየ ቁጥር ይሳደባል፤ ሌላው ደህና ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ወንድምሽን ይዘሽው ነይ፣ በውስጥ መስመር ቦታውን እልክልሻለሁ። ካቴተሩን እንዴት እንደሚያስገባ ወንድ ለወንድ ያሳየዋል። የኤምአርአይ ፊልሙን ተይው፣ እኛ አንብበን አንረዳውም። ዊልቸሩ ላይ የሚቀመጥበትን ትራስ ግን አምጪው። ተራ ስፖንጅ ከሆነ ከሁሉ በፊት የሚቀየረው እሱ ነው።