ጥዱ ለምን ይደበዝዛል?

ጥያቄ፦ በ4 በ5 ኢንች የፊልም ካሜራ በመጸው የጎፍ ደን ውስጥ ጥድ አነሳለሁ። ግንዱ ጥርት ይላል፣ ቅጠሉ ግን ይደበዝዛል። ምን ላድርግ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግንዱ ከጠራ ፎከስህ ደህና ነው፤ ችግሩ ነፋስ ነው። የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 32 (በጣም ጠባብ) ስታጠበው መዝጊያው ግማሽ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ክፍት ይቆያል፣ በዚያ መሃል ቅርንጫፉ ትንሽ ከተወዛወዘ አለቀ። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ውጣ። ደግሞ የሌንሱን ሰሌዳ (ሌንሱ የተገጠመበትን ሳንቃ) ትንሽ ወደ ፊት አዘንብለው፤ ከእግርህ ሥር ያለው አደይ አበባና ከኋላ ያለው ተራራ አብረው ይጠሩልሃል፣ ሰፋ ያለው ኤፍ 16ም ሊበቃህ ይችላል፣ መዝጊያውም ቶሎ ይዘጋል። ከፊት ረጅም ጥድ ካለ ግን ጫፉ ይደበዝዝብሃል። ስለዚህ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናነብና ከካሜራው ጀርባ ባለው መስታወት ላይ ተገልብጦ የሚታየውን ምስል በማጉያ ከዳር እስከ ዳር ፈትሸው፣ በተለይ የዛፉን ጫፍ።