ቤት ስለገባ ጊንጥ፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ዝናብ ሲበረታ ጉድጓዱ ውሃ የሞላበት ጊንጥ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ወደ ቤት ይገባል። ከጎንደር ሰፈሮች የተሰበሰቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ከአዘዞ፦ የማገዶ ክምር ስናነሳ ጥቁር ጊንጥ ወጣ። ክፉው ጥቁሩ ነው ወይስ ቢጫው?

ቀለሙን ተወውና መቆንጠጫውንና ጅራቱን እይ። መቆንጠጫው እንደ ሸርጣን ያበጠ፣ ጅራቱ ደግሞ ቀጭን ከሆነ፣ የሚያድነው በጉልበቱ ነው፤ ንድፊያው ቢያምም መርዙ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል። መቆንጠጫው እንደ ወረንጦ ቀጥኖ ጅራቱ ከወፈረ ግን የሚተማመነው በመርዙ ነውና ተጠንቀቅ። ሰው የሚገድሉት ጊንጦች ከጥቂቶች በቀር የዚሁ፣ ቡቲዴ የሚባለው ወገን ናቸው።

የበለጠ ለማረጋገጥ ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ አድርገህ ሆዱን ከስር ፎቶ አንሳ። በእግሮቹ መካከል ያለችው ትንሽ ሳህን ሦስት ማዕዘን ከመሰለች ቡቲዴ ነው፤ የሌሎቹ በአመዛኙ አምስት ማዕዘን ነች። ከሷ ዝቅ ብሎ ግራና ቀኝ ማበጠሪያ የሚመስል ነገር ታያለህ፤ መሬቱን የሚዳስስበት ነው።

ከዚያው፦ ሳልገድለው እንዴት ልያዘው?

ሰፊ ብርጭቆ ድፋበት፤ ከስር ጠንካራ ካርቶን ቀስ ብለህ አሳልፍ። ስስ ወረቀት ይታጠፍና ክፍተት ይፈጥራል። በእጅ አይሞከርም።

ከፒያሳ፦ አንዱን አውጥተናል፤ ሌላ መኖሩን በምን እናውቃለን?

ሱቅ ውስጥ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ተዋሱ። ማታ መብራት አጥፍታችሁ በግድግዳው ሥር፣ በጫማና በጆንያ ላይ አብሩት፤ ጊንጡ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። አዲስ ቆዳ የቀየረ ግን ሽፋኑ እስኪጠነክር ድረስ አያበራምና በአንድ ማታ ፍተሻ አትርኩ።

ከማራኪ፦ ተማሪ ነኝ፤ ባለ ወፍራም መቆንጠጫውን ለጥቂት ሳምንት አቆይቼ ማጥናት እፈልጋለሁ።

ይቻላል። ባለ ቀጭን መቆንጠጫው ቢሆን፣ ሕፃናት ባሉበት ቤት አታቆየው እልህ ነበር። 40 በ25 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ፣ ክዳኑ የሚቆለፍ የፕላስቲክ ሣጥን በቂ ነው። ክዳኑን በጋለ መርፌ ብሳው፤ ቀዳዳው ከ2 ሚሊሜትር አይስፋ።

አፈሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዋልካ ብቻ ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ እግሩ ላይ ይለጠፋል። 3 እጅ ቀይ አፈርና 1 እጅ አሸዋ ቀላቅለህ በምጣድ አሙቀው፤ ከአፈሩ ጋር የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት ይሞታሉ። ከቀዘቀዘ በኋላ ከ12 እስከ 15 ሳንቲሜትር ሙላ፤ ይህ ዓይነቱ መቆፈር ይወዳል። አንዱን ጥግ ብቻ አርጥብ። መጠለያ እንዲሆነው ትንሽ ገል ደፍተህ ስጠው፤ እንዳይናድበት ግን ገሉ የሣጥኑን ወለል ይንካ። ውሃውን በለስላሳ ቆርኪ፣ ጠጠር ጨምረህበት አስቀምጥ።

በየ7 እስከ 10 ቀኑ አንድ ፌንጣ ይበቃዋል፤ ፌንጣው ከጊንጡ ገላ (ጅራቱ ሳይቆጠር) አይብለጥ። መድኃኒት ከተረጨበት ቤት የተያዘ በረሮ ጊንጡን ይገድለዋል። ያልበላውን በማግስቱ አውጣ።

ከቀበሌ 18፦ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አይበላም። ታሞ ነው?

ላይሆን ይችላል። ጊንጥ ለወራት ሳይበላ መቆየት ይችላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ሲበርደው ደግሞ አይበላም። ሣጥኑን ሞቅ ወዳለ ክፍል ውሰዱት እንጂ ከከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት። ሌላው ምክንያት ቆዳ ሊቀይር መሆኑ ነው። ያኔ በሕይወት ያለ ፌንጣ ሣጥኑ ውስጥ አይኑር፤ ገና ለስላሳ የሆነውን ገላ ይነክሰዋል። ሲቀይር ካያችሁት እንዳትነኩት፤ ቆዳውን ልትጎትቱለትም አትሞክሩ።

ከአራዳ፦ ጀርባዋ ላይ ነጫጭ ትሎች ፈልተዋል!

ልጆቿ ናቸው። ጊንጥ ዕንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን ወልዳ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪቀይሩ በጀርባዋ ታዝላለች። ውሃ አይጉደልባት፤ ሣጥኑንም አታንቀሳቅሱ። ከተረበሸች ልትበላቸው ትችላለች።

ከአንዲት እናት፦ ልጄን ቢነድፍብኝ ነጭ ጋዝ ልቀባው?

እባክዎ እናቴ፣ ነጭ ጋዝ አይቀቡት። አይብጡት፣ አይምጠጡት፣ በገመድም አይሰሩት። በውሃና በሳሙና አጥበው፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያድርጉበት። ሕፃን ከሆነ ምልክት ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ መርዙ በትንሽ ገላ ላይ ይበረታል። አዋቂም ቢሆን ካስመለሰው፣ ካላበው፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው አይዘግይ። ጊንጡን ፈልገው ጊዜ አያጥፉ፤ ፎቶ ካለ ይበቃል።

ከማራኪ፦ ስጨርስ የት ልልቀቀው?

ከያዝክበት አካባቢ፣ ከመኖሪያ ቤት ራቅ ካለ የድንጋይ ካብ ሥር፣ ሲመሽ ልቀቀው። እቤትም የማገዶውን ክምር ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቁት፤ በበሩ ሥር ያለውንም ክፍተት በጎማ ዝጉ።