ጎልፍ ካርት አስፋልት ላይ፦ ከፍሎሪዳ የመጡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ጥያቄው ሁሉ ጎልፍ ካርት፣ ማለትም ለጎልፍ ሜዳ የተሠራችው ትንሽ ተሽከርካሪ፣ ሆኗል። የምመልሰው በፍሎሪዳ ሕግ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን እዩ፤ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ያገለገለ ካርት ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው ፍጥነቱን ከፍ ስላደረገው በሰዓት 24 ማይል ይሄዳል። ታርጋ ያስፈልገዋል?

ያስፈልገዋል። እንዲያውም ታርጋው ትንሹ ጣጣ ነው። ሕጉ ጎልፍ ካርት የሚለው በሰዓት ከ20 ማይል በላይ መሄድ የማይችለውን ነው። ከዚያ በላይ እስከ 25 የሚሄደው «ዝቅተኛ ፍጥነት ተሽከርካሪ» ይባላል። የፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 ለብቻው ደንብ አውጥቶለታል። የፊትና የኋላ መብራት፣ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ ስፖኪዮ፣ የእጅ ፍሬን፣ የፊት መስታወት፣ ለየመቀመጫው ቀበቶ፣ የሻንሲ ቁጥር፤ ሁሉም ሊኖረው ይገባል። ፍሎሪዳ ደግሞ ሊብሬ፣ ታርጋ፣ ኢንሹራንስና መንጃ ፈቃድ ትጠይቃለች። በምላሹ የፍጥነት ወሰኑ እስከ 35 ማይል የሆነ መንገድ ላይ መንዳት ይችላሉ። እኔን ከጠየቁኝ ፍጥነቱን ወደ ቀድሞው ማስመለሱ ይቀላል። ለአራት ማይል ብሎ ይህን ሁሉ ወጪ ማን ይሸከማል?

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታለች። መንጃ ፈቃድ የላትም። የሰፈሩን ካርት ብትነዳ ያስቀጧታል?

ከ2023 ጥቅምት ወር ጀምሮ 18 ዓመት የሞላው ሰው መንግሥት የሰጠው ፎቶ ያለበት መታወቂያ ከያዘ ይበቃዋል። ፓስፖርታቸውን ይያዙ። ካርቱ ግን ከ20 ማይል በላይ የማይሄድ፣ መንገዱም ከተማው ወይም ካውንቲው ለካርት የፈቀደው መሆን አለበት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አይወጡ፤ የማታ መንዳት የሚቻለው የአካባቢው አስተዳደር ሲፈቅድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ያለማምዷቸው።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ጓደኞቹ ይነዳሉ እያለ አስቸገረኝ።

በሕዝብ መንገድ አይችልም። በ15 ዓመት የለማማጅ ፈቃድ ወይም በ16 መንጃ ፈቃድ ይዞ ይመለስ።

ትንንሾቹን ከኋላ፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ ባዞረው ወንበር ላይ እናስቀምጣለን። አደጋ አለው?

ይህ ጥያቄ በመምጣቱ ደስ ብሎኛል። ካርት በር የለው፣ ብዙውም ቀበቶ የለው። ሾፌሩ በፍጥነት ወደ ግራ ሲታጠፍ በቀኝ የተቀመጠው ሰው ወደ ውጭ ይወረወራል። የኋላው ወንበር ደግሞ ይብሳል፤ ነጂው ድንገት ነዳጅ ሲሰጥ ልጁ ከወንበሩ ተንሸራቶ አስፋልት ላይ ይወድቃል። ጭንቅላት ነው የሚመታው። የብዙ ካርት ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማን ብቻ ስለሆነ ቁልቁለት ላይ አጥብቆ መርገጥ ካርቱን ያሽከረክረዋል። ልጆቹን ፊት ለፊት ወደሚያየው ወንበር ያምጧቸው፣ ቀበቶ ያስገጥሙ፣ ከመታጠፍዎ በፊት ፍጥነት ይቀንሱ። እግሩ ወለሉን የማይነካ ሕፃን ግን ቢቀርበት እመርጣለሁ። ጎማውን ከፍ ማስደረግ ፋሽን ሆኗል፤ ለመገልበጥ ማመቻቸት ነው።

ከሰርግ ሁለት ቢራ ጠጥቼ በካርት ወደ ቤት ብሄድ ፖሊስ ምን ያገባዋል?

ወንድሜ፣ በደንብ ያገባዋል። ጠጥቶ የማሽከርከር ሕግ ካርትንም ይይዛል፤ በደም ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን መለኪያውም ያው እንደ መኪናው 0.08 በመቶ ነው። ግሪን ካርድ ላለን ሌላም ጣጣ አለ። ለዜግነት በሚታየው ጊዜ ውስጥ በዚህ ጥፋት ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው መልካም ጸባይ እንደሌለው ይገመታል። ግምቱን ማፍረስ የአመልካቹ ሸክም ነው።

ካርቴን ለጎረቤት ባውሰውና ቢያጋጭ ተጠያቂው እሱ አይደለም?

እሱም እርስዎም። የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ጎልፍ ካርትን እንደ መኪና አደገኛ ዕቃ ነው ብሎ ወስኗል፤ ፈቅዶ ያዋሰ ባለቤት ከነጂው እኩል ይከሰሳል። የቤት ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ከግቢ ውጭ የደረሰውን አይሸፍንም። ውሉን ከፍተው ያንብቡ፣ ካልሸፈነ ለካርቱ ለብቻው ይግዙ። ቁልፉን ከዚያ በኋላ ይስጡት።